በራሱ የሚወርደው ጠረጴዛ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ኢስሐቅ፤ ጅቡቲ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አያ፣ እንደምን ከርመዋል? ያ የወገብዎ ነገር እንዴት ሆነ? የጅቡቲ ሙቀት ሰው አድርጎ አኖራችሁ ወይስ አቅልጦ ጨረሳችሁ? ረሂማስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ጋራዡስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናታችን ጉልበቴን አመመኝ ትላለች እንጂ ገበያ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ትመለሳለች። ባለቤቴ ቡርቱካንም ደህና ናት። እኔ በአካሌ እንደ በሬ ነኝ፤ የቀረውን ሲያነቡ ይደርሱበታል።

መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉን ይመልከቱልኝ። ይህን የጻፈው ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለም፤ ያ በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረው ወንድምዎ አብዱልሐሊም ነው። በማታው ትምህርት ሰባት ወር ተቀምጬ ከሠላሳ ሰው አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ ትበልጠዋለች የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምቀኞች ናቸው። በስልክ ያልነገርኩዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስልኩን የሚያዳምጥ አለ ይላሉ፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ነገሩ የመጣው በጽሑፍ ነውና በጽሑፍ ልንገርዎት ብዬ ነው። አያ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ አንድ ሰው ዘጠኝ ቀን ታሰረ። በላይ ይባላል። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርስዎት ከእኔው ይስሙት።

አንቱ የላኳቸው ሦስት ቦል ስክሩዎች፣ እነዚያ ዳዷቸው በኳስ ላይ የሚሄድ ዘንጎች፣ ሰኔ እንደገባ ደረሱ። ሹፌሩ ዓሪፍ መከራውን ነው ያየባቸው። በየኬላው ያን የዘይት ወረቀት እየፈቱ፣ እንደ መስታወት የሚያበራውን ዘንግ እያገላበጡ፣ የምን መሣሪያ አፈሙዝ ነው ይሉታል። እሱም ቀዳዳ የሌለው አፈሙዝ በየት በኩል ሊተኩስ ነው እያለ ያስቃቸዋል። ከወልዲያ ሲወርድ ሲሪንቃ ላይ ያገኘው ጠባቂ ግን አልሳቀም። የዓሪፍን ስም፣ የእኔን ስም፣ የላኪውንም ስም ጠይቆ መዘገበ። እንግዲህ ስምዎ እዚያ ተጽፎ እንደሚገኝ ይወቁት።

አንቱ የሠሩባት አረንጓዴዋ ፍሬዛ፣ ያቺ ብረት መቁረጫ ማሽን፣ አለች። አምና ከተማው በተያዘ ጊዜ የአሠሪያችን የጋሽ ኑርሁሴን ማሽን ቤት ሲዘረፍ ሞተሩን፣ መፍቻዎቹን፣ የመጋዘኑን በር ሳይቀር ወስደዋል። እሷን ክብደቷ አዳናት። ሞተር ተገዝቶላት ሥራ ጀመርን፣ ግን ዘንጎቿ ተበልተው እጀታዋን ሩብ ዙር አዙረነው እንኳ ጠረጴዛዋ ከእንቅልፉ አይነቃም። ለግራና ከተማ ወፍጮዎች የምንሠራው ዘንግ ላይ ቦይ ስንቆርጥ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል። የተዘረፈ ወፍጮ ስንቱ መሰለዎት? ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ወረዳ ድረስ እየሄደ ነው የሚያስፈጨው። ለዚህ ነው ጋሽ ኑርሁሴን ዘንጎቹ እንደደረሱ ዛሬውኑ ይገጠሙ ያሉት።

ሥራውን የመራው በላይ ነው። የቆቦ ሰው ነው። አምና ተፈናቅሎ ሚስቱን ዘነበችንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣና እዚሁ መርሳ ቤት ተከራየ። ቴክኒክ የተማረ፣ እጁ የማይስት፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። መጀመሪያ የጠላሁት ወሬ ባለማብዛቱ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስቀልድ እውላለሁ፤ እሱ ፈገግ ይልና ወደ መለኪያው፣ ወደ ካሊበሩ ይመለሳል። በዚህ ዘመን የማይናገር ሰው ምን ደብቆ ነው? ደግሞ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አለችው፤ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ኪሱ ይከታል። አያ፣ ማንበብ ሳልችል ማንንም አልጠረጥርም ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ በእኔ ላይ የተጻፈ ይመስለኛል። አንድ ቀን ደብተሯን ክፍት ትቷት ሲወጣ አየኋት፤ 412፣ 380፣ 255 ትላለች። በዚያ ሳምንት በአስፋልቱ ላይ ወደ ሰሜን ያለፈውን የጦር መኪና እየቆጠረ ነው አልኩ። ሜትር ዘርግቼ ዘንጎቹን ብለካቸው ኖሮ ያው ልካቸው እንደሆነ ባየሁ። አልለካሁም።

የኳሶቹ ነገርም አለ። በላይ ዳዶውን ከዘንጉ ላይ እንዳታወጣው፣ በውስጡ ኳሶች አሉ ብሎኝ ነበር። እኔ እንግዲህ ብረት የማውቅ ሰው ነኝ፤ የውስጡን ሳላይ አልገጥምም ብዬ ሳብ አደረግኩት። ትናንሾቹ የብረት ኳሶች እንደ ሽምብራ ወለሉ ላይ ፈሰሱ። ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ተንበርክከን በማግኔት ለቀምናቸው። በላይ እያንዳንዷን በግራሶ እያጣበቀ ወደ ቦታዋ መለሳት። ሁለት ጎደሉ። ይህ ሰው ሁለቱን ኪሱ ከቷል፣ ለምን ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ። በሳምንቱ ቡርቱካን ሱሪዬን ስታጥብ ከእጥፋቱ ውስጥ ሁለት ኳስ አውጥታ፣ ያንተ ሀብት ነው ወይ አለችኝ። ለበላይ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ረጅሙና አግዳሚው ዘንግ ከገቡ በኋላማ ፍሬዛዋ ሌላ ሆነች። እጀታዋ በአንዲት ጣት ይዞራል። እንዲያውም ጠበቅ አድርገው ካልያዙት ስለቷ ጠረጴዛውን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ለግራና የቆረጥነው የመጀመሪያው ቦይ ልክክ ሲል ጋሽ ኑርሁሴን ሳሙኝ። ይህን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ መርሳን በሙሉ አስወራሁ፤ የአንቱን ስም አንድ ሁለቴ ጠርቻለሁ።

የቀረው ጠረጴዛውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የቁሙ ዘንግ ነው። በላይ ይኼኛው ይቅር አለ። የድሮው ጥርስ በጥርስ ተጣብቆ ሸክሙን ይይዛል፤ አዲሱ ግን በኳስ ላይ ስለሚንሸራተት አይይዝም፣ የጎኑ ማጥበቂያም ከአምና ጀምሮ ተሰብሯል አለ። እኔ በልቤ ዘንጉን ለራሱ ሊያስቀረው ነው አልኩ። የተፈናቃይ መታወቂያውን ሊያሳድስ ወልዲያ በሄደበት ቀን ጋሽ ኑርሁሴንን አሳምኜ ገጠምኩት። እጄን ለቅቄ እስከ መቶ ቆጠርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። በላይ ሲመለስ አየና፣ እሺ፣ ስትለየው ከሥሩ እንጨት ደግፍለት አለኝ። እኔም በማሽኔ አትግባብኝ አልኩት። እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልነካልህም ብሎ ወደ ሌላው ማሽን፣ ወደ ቶርኖው ሄደ።

አሁን ልብ ይበሉ። ቁጥር መጻፍ ስለምወድ ለዙህር ሶላት ከመውጣቴ በፊት የቁሙ ዘንግ እጀታ የሚያሳየውን ቁጥር በጠመኔ ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ። ሰኞ ስልሳ ሁለት ብዬ ጽፌ ወጣሁ፤ ስመለስ ሃምሳ አምስት ላይ ነው። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጭራሽ አሥራ አንድ ቁጥር ወረደ። እኔና ጋሽ ኑርሁሴን መስጊድ ነን። ማሽን ቤት የሚቀረው ማን ነው? ምሳውን ይዞ የሚመጣው በላይ። አልነካም ያለው ሰው ይነካል፤ እኛ በሌለንበት አንድ ነገር ይቆርጣል። ምን? የክላሽ ዕቃ ነው አልኩ። ለማን? እሱን ለመመለስ የመጣበትን አገር ማሰብ ይበቃኛል ብዬ በዚያው ዘጋሁት። ጠርቼ ልጠይቀው ይገባ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ስለ ሰርጎ ገብ ነበር የሚያወራው፤ ሻይ ቤት ፀጉረ ልውጥ ሲገባ ብርጭቆ እንኳ አይንኳኳም ነበር።

በሐሙሱ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ስለ ቁጥሩም፣ ስለ ደብተሯም፣ ሁለት ኳስ ስለመጥፋቱም። ኳሶቹ መገኘታቸውን አልጻፍኩም። አያ፣ ከማታው ትምህርት ወጥቼ ለሰው የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ነው። ከታች ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ትልቅ አድርጌ ፈረምኩበት። የቀበሌያችን የጸጥታ ሰው ዓለምነህ ይባላል፤ ሁለቴ አነበበውና ጽሑፍህ ያምራል አለኝ። የዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ዓርብ ጠዋት በላይን ከቶርኖው ላይ ወሰዱት። ግራሶ የነካ እጁን ልጥረግ ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ፣ አብዱልሐሊም፣ እንጨቱን ደግፍለት አለኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለዎት? ይኼ ደግሞ የምን ምልክት ነው አልኩ።

በማግስቱ ሰርጎ ገብ አላስቀምጥም ብሎ አከራዩ ዘነበችን ከነልጆቿ ከቤት አስወጣት። ፍራሿን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ አስደግፋ ተቀምጣ ሳለች ቡርቱካን ከገበያ ስትመለስ አየቻትና ይዛት መጣች። እኔ ማታ ስገባ ልጆቹ በእኔ ሳህን ይበላሉ። ዘነበች ብድግ ብላ፣ አንቱ ለእኛ እንዲህ ካሰቡልን እግዜር ያስብልዎት አለችኝ። አንቱ ነው ያለችኝ፣ አያ። ቡርቱካን አታውቅም፣ እሷም አታውቅም። የበላይን ስንቅ እሷ ስትቋጥር የማደርሰው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥቼ ሳልታይ እመለሳለሁ።

ሰኞ ማሽን ቤቱን በራሴ ቁልፍ ቆልፌ ለሶላት ወጣሁ። ስልሳ ብዬ ጽፌ። ስመለስ ሃምሳ አራት። በላይ እስር ቤት ነው። እንግዲህ ማን ቀረ? አላህ ይቅር ይበለኝና ጋሽ ኑርሁሴንን ጠረጠርኳቸው። ሌላ ቁልፍ ያላቸው እሳቸው ናቸው፣ ሶላት ላይም ከኋላ ነበር የቆሙት። ማክሰኞ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ቀረሁ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ከብረት ክምሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪኖች ማለፍ ጀመሩ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዳዶ ይንጫጫል። ያኔ እጀታው በራሱ ዞረ። ቀስ ብሎ። ማንም ሳይነካው። መጀመሪያ ጂን ነው ብዬ አያተል ኩርሲን ቀራሁ፤ ስጨርስም ይዞራል። ቀጥሎ መኪኖቹ አለፉና ቆመ። ያኔ ገባኝ። በላይ አይይዝም ያለው ይህንን ነው። እኔ የሚወርድ ነገር ዘጭ ብሎ ይወርዳል ብዬ መቶ ቆጥሬ ፈተንኩት፤ ይኼኛው መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሰርቆ ነው የሚወርደው።

እየሮጥኩ ዓለምነህ ዘንድ ሄድኩ። ጽሑፌን መልሱልኝ፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። አልሳቀም። ማነው ያነጋገረህ አለኝ። ሚስቱ ቤትህ ናት አሉ፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። ሐሙስ አንድ ነገር ምለህ ማክሰኞ በሌላ የምትምል ከሆነ የትኛውን ልመን አለኝ። በላይም ስለ ዘንጉ ይህንኑ ተናግሮ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት፤ ተማክራችኋል አለኝ። አያ፣ ሰውን መጠርጠር እንጂ በሰው መጠርጠርን ቀምሼው አላውቅም ነበር። ወንበሩ ይቆረቁራል።

ብዙ ለምኜው ሦስት ቀን አቆይቶ ተፈራ የሚባል ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ጠረጴዛውን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ቆምን። የዚያን ቀን አንድም መኪና አላለፈም፤ መንገዱ እንደ ኢድ ቀን ጭር አለ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ዓለምነህ እጀታውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ጋሽ ኑርሁሴን ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ተፈራ ትልቅ ሰው ነው፣ የእኔን ሁለት ይሆናል፤ ቆሞ ሰለቸውና መሣሪያውን ታቅፎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። እጀታው ተሽከረከረ። ተፈራ እንደ ሕፃን ይዞት ወረደ፤ እግሩ መሬት ሲነካ፣ ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ወሰደኝ እኮ አለ። ዓለምነህ ተነሥና ድገመው አለው። ሦስት ጊዜ አስቀመጠው። በሦስተኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ እሱ ሳቁን አቁሞ፣ ሰውየው እኮ ታስሯል አለ፤ እኔም አቆምኩ።

እሑድ ዋስ ይጥራና ይውጣ ተባለ። ብዕሬን ይዤ ቀድሜ ደረስኩ። ለበላይ ጽሑፌን አንብበውለት ኖሯል፤ ስሜን ከነአያቴ ያውቃል። የዚህን ሰው ፊርማ አልፈልግም፣ በእሱ ፊርማ ገብቼ በእሱ ፊርማ አልወጣም አለ። በሰው ፊት ነው ያለው፣ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጋሽ ኑርሁሴን ፈረሙ።

ከዚያ እቤቴ መጣ፣ ሚስቱን ሊወስድ። ደፍ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ዘነበች አልቅሳ ስታበቃ እነዚህ ናቸው ያስጠጉን፣ ስንቅህንም ያመላለሰው እሱ ነው ብላ እኔን አሳየችው። አሁን ይናገራል ብዬ መሬት መሬት አየሁ። በላይ ለቡርቱካን እግዜር ይስጥሽ አላት፤ ትንሹን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፍራሹን አንስቶ ሄደ። ገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። እስከ ዛሬ ለዘነበች አልነገራትም። ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ እንደ ወንድሟ ነው የሳመችኝ።

ሰኞ ሥራ ገባ። የግራና ሰዎች ቆመው ይጠብቁ ስለነበር መጀመሪያ የቁሙን ዘንግ አብረን ፈትተን የድሮውን መለስን። አብረን ያልኩት ለወጉ ነው። እኔ ያጠበቅኩትን ቡሎን ሁሉ ተከትሎ በራሱ መፍቻ ይሞክረዋል። ውሃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ደብተሯን ከሸሚዙ ውስጠኛ ኪስ አድርጓታል። አልቆጣም፤ በእሱ ቦታ እኔም ብሆን የእኔን ውሃ አልጠጣም፣ የእኔን ማጥበቅም አላምንም። የሚከነክነኝ ዝምታው ነው። ይቅርታ ይሁን ቀጠሮ ይሁን መለየት አቃተኝ። አንዳንዴ ለልጆቹ ሲል ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ አንድ ቀን በሰው መሀል ሊያወጣው አስቀምጦታል እላለሁ። ሰው በተናገረው ቀርቶ ባልተናገረው ነገር መጠርጠር መቼም አይለቀኝም ማለት ነው? አንቱ ከሩቅ ሆነው የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ ለሴትዮዋ ራስህ ንገራት ነው የሚሉኝ። ስለዚህ መልስዎን አልጠብቅም። ዓሪፍ ውጭ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል፤ ይህን ወረቀት ሰጥቼው በዚያው እግሬ ገበያው ጀርባ ነው የምሄደው። በላይም ቤት ያለበትን ሰዓት ነው የመረጥኩት፤ እሱ በሌለበት ነገርኩ እንዳይባል።

ለረሂማ ብዙ ብዙ ሰላም ይበሉልኝ፤ የላከችው ሻሽ ለቡርቱካን ደርሷል፣ አምሮባታል። ለፈይሩዝ አጎትሽ ከእንግዲህ በፈተና ይወዳደርሻል ይበሏት። ኡበይደላን ግንባሩን ይሳሙልኝ፤ ማሽን ቤት ሲመጣ ትልቅ ሰው የሚለውን እንዲሰማ ከአሁኑ ይንገሩት። እናታችን ወገብህን በሞቀ ጨርቅ እሰረው ብላለች፣ ዱዓ እያደረገችም ነው። ቡርቱካን ሰላም ብላለች፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ አንብብልኝ ብትለኝ ዛሬ ማታ አልኳት። ጋሽ ኑርሁሴንም ስለ ዘንጎቹ አላህ ይስጥልኝ ብለዋል፤ ሁለቱ በደንብ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው በወረቀቱ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ አብዱልሐሊም

መርሳ፣ ሐብሩ ወረዳ
ሐምሌ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.